የ1812 እና የ1821 የአሜሪካ ግማሽ ዶላር፦ እውነተኛ መሆኑንና የዳይ ዝርያውን እንዴት ልለይ?

ሽምብጥ_ሠፈር ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። እስካሁን የምሰበስበው ጠገራ (ማርትሬዛ) እና የምኒልክ ብር ነበር፤ አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የብር ሳንቲሞች መግባት ፈልጌያለሁ። በዘመድ በኩል ከአሜሪካ የመጡ ሁለት ግማሽ ዶላሮች በእጄ አሉ።

አንደኛው 1812 ይላል። ክብደቱ 13.31 ግራም፣ ስፋቱ 32.6 ሚሊሜትር ነው። ጠርዙ ላይ ፊደል አለ፤ አንዳንድ ቦታ ግን ፊደል በፊደል ላይ የተደረበ ይመስላል። ከ2ቱ አኃዝ ላይ ትንሽ ትርፍ ነገር ይታየኛል።

ሁለተኛው 1821 ይላል። 12.74 ግራም ነው። ጠርዙ እንደ ዛሬ ሳንቲም ጥርስ ጥርስ ነው፤ ገጹ ላይ ደግሞ ደቃቅ እብጠቶች አሉ።

ከዚህ ሌላ አንድ ሰው 1804 የሚል ሙሉ ዶላር በአራት ጠገራ ልለውጥህ ብሎ በስልክ ፎቶ ልኮልኛል።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። እቤት ባለ መሣሪያ እውነተኛነታቸውን እንዴት ላረጋግጥ? አንድ ዓመት የታተመውን ሳንቲም ሰብሳቢዎች በዳይ፣ ማለትም በተመታበት የብረት ማኅተም፣ ከፋፍለው ቁጥር ይሰጡታል፤ እሱ እንዴት ነው የሚለየው? ለክረምቱ እርጥበትስ ምን ላድርግ? እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ስልክ አለኝ።


ጠርዝ_አንባቢ መለሰ፦

ወንድሜ፣ የ1821ዱን ዛሬውኑ ከስብስብህ አውጣው። የአሜሪካ ግማሽ ዶላር እስከ 1836 ድረስ ጠርዙ ላይ ፊደል ነው ያለው፤ «ፊፍቲ ሴንትስ ኦር ሃፍ ኤ ዶላር» ይላል። ጥርስ ያለው ጠርዝ የመጣው በዚያው በ1836 በእንፋሎት የሚሠራ ማተሚያ ሲገባ ነው። ስለዚህ 1821 የሚል ቀንና ጥርስ ያለው ጠርዝ አንድ ላይ ሊገኙ አይችሉም። ሌላውን ሁሉ ሳታይ በዚህ ብቻ ይወድቃል። ደቃቅ እብጠቶቹም ሳንቲሙ ተመትቶ ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ መሆኑን ነው የሚያሳዩት፤ የቅርጹ አሸዋ ወይም የአየር አረፋ የሚተወው ምልክት ነው።

የ1804ቱን ዶላር ደግሞ አትንካ። አሜሪካ ዶላር ማተም ያቆመችው በ1804 ነው፤ እንደገና የጀመረችው በ1836። በ1804 ውስጥ የታተሙት ዶላሮች የቀደመ ዓመት ቀን የያዙ ናቸው። 1804 የሚል ቀን ያላቸው የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ከ1834 ጀምሮ፣ ለውጭ ነገሥታት ስጦታ እንዲሆኑ ነው። በዓለም ላይ የሚታወቁት እጅግ ጥቂት ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የት እንዳሉና በማን እጅ እንዳለፉ ተመዝግቧል። አራት ጠገራህ እውነተኛ ብር ነው፤ ለዚያ ፎቶ አትስጠው።

ወደ 1812ቱ እንምጣ፤ እሱ ተስፋ አለው። ሕጋዊ ክብደቱ 208 ግሬን፣ ማለትም 13.48 ግራም ነው። የብር መጠኑ ከሺህ 892 ገደማ፣ የቀረው መዳብ ነው። ይህ መጠን በ1792ቱ የሳንቲም ሕግ ተወስኖ እስከ 1836 የቆየ ነው፤ በ1837 ወደ ከሺህ 900 ተለወጠና የግማሽ ዶላሩም ክብደት ወደ 13.36 ወረደ። ያንተው 13.31 መሆኑ በእጅ ብዛት ላለቀ ሳንቲም ትክክል ነው። ከ13.55 በላይ ቢመዝን ግን መጠርጠር አለብህ፤ ሳንቲም በመዘዋወር ይቀልላል እንጂ አይከብድም።

ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ እፍግታውን ለካ። በብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ሙላና ሚዛኑ ላይ አስቀምጠህ ወደ ዜሮ መልሰው። ሳንቲሙን በቀጭን ናይሎን ክር አስረህ ውኃው ውስጥ አንጠልጥለው፤ ጣና ላይ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት በጣም ቀጭኑ ክር ለዚህ ተስማሚ ነው። ሳንቲሙ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፤ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳይህ ሳንቲሙ ገፍቶ ያስወጣውን ውኃ ክብደት ነው። የሳንቲሙን ክብደት በዚያ ቁጥር አካፍል። ውጤቱ 10.3 አካባቢ ከሆነ ከሺህ 892 ብር ጋር ይስማማል። በብር የተለበጠ መዳብ 8.9 ገደማ ይሰጥሃል፤ ኒኬል ያለበት ነጭ ናስ ከዚያም ያንሳል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በአረፋ ነው። ሳንቲሙ ላይ የተለጠፈች አንዲት የአየር አረፋ የሚገፋውን ውኃ ታበዛና እውነተኛውን ሐሰተኛ ታስመስለዋለች። ውኃው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምርና ሳንቲሙን ቀስ ብለህ አንቀሳቅሰው፤ አረፋው ይለቃል። መስኮት ዝጋ፣ ማራገቢያ አጥፋ። በዚህ መጠን ሳንቲም ላይ የ0.01 ግራም ስህተት ውጤቱን በ0.08 ያንቀሳቅሰዋልና ሦስት ጊዜ ለክተህ አማካዩን ውሰድ።

ሚዛንህን ለማመን ደግሞ ጠገራ አለህ። ማርትሬዛ 28.07 ግራም፣ ከሺህ 833 ብር ነው፤ ውኃ ውስጥ 2.75 አካባቢ ማንበብ፣ ሲካፈልም 10.2 መስጠት አለበት። ማንጠልጠያ ጆሮ ያልተበየደበትንና ያልተበሳውን ምረጥ። ጠገራው ትክክል ካልሰጠህ ጥፋቱ የሚዛኑ ወይም የአሠራርህ ነው፤ የግማሽ ዶላሩን ውጤት ያን ጊዜ አትመን።


ብር_ሠሪ_ፋሲሎ መለሰ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ደግሞ ከብር ሥራ በኩል የሚታየውን ልጨምር።

በመጀመሪያ፣ ሳንቲሙን ለማንም ብር ሠሪ «ፈትንልኝ» ብለህ አትስጥ። በመፈተኛ ድንጋይ መፋቅና አሲድ ማንጠብ ለጌጥ ብር ነው የሚሆነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውን ሳንቲም ግን ዋጋውን ይገድለዋል። የሞረድ ምልክት አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ የተደፈነ ቀዳዳና የተነሳ ጆሮ ፈልግ። እኛ ዘንድ ጠገራ ለአንገት ጌጥ እንደሚበሳው ሁሉ እዚያም ግማሽ ዶላር ይበሱ ነበር፤ በኋላ ሻጭ ይደፍነዋል። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ በፊት ገጹ ላይ ካለችው ሴት ራስ በላይ ወይም ከቀኑ በታች ነው። ሳንቲሙን በጎን ብርሃን ቀስ እያልክ አዙረው፤ የተደፈነበት ቦታ ከዙሪያው በተለየ ጊዜ ያንጸባርቃል። ከሁለቱም በኩል ትይዩ ቦታውን አይ፤ ቀዳዳ አልፎ ስለሚወጣ በአንድ በኩል ብቻ አይቀርም። ጆሮ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ማስረጃው ጠርዙ ላይ ነው፤ ከአራት እስከ አምስት ሚሊሜትር የሚሆን ቦታ ፊደሉ ጠፍቶ ለስልሶ ታገኘዋለህ። የብየዳ ብር ከሳንቲሙ ብር ስለሚለይ በጊዜ ብዛት ቀለሙም ይለያል፤ ብጫ ወይም ግራጫ ክብ ጥላ ይተዋል።

ሦስተኛ፣ አታጽዳ። በሎሚና በጨው፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና ማሸት ለመስቀልና ለአምባር ልማድ ነው፤ ለሳንቲም ግን ጥፋት ነው። ሳንቲም ሲመታ ብሩ ከመሀል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ ያ ፍሰት የሚተወው ደቃቅ መስመር ነው ብርሃኑን እያዞረ የሚመልሰው። አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይመጣም። በዘመን የመጣው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ልባስ ይኑር፤ ያ ልባስ ከጉዳት ይልቅ ያልተነካ ለመሆኑ ምስክር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ገጹ ላይ ትይዩ ሆነው የተሰመሩ ቀጫጭን የሞረድ መስመሮች ብታይ ወዲያው «ተጎድቷል» አትበል። በተለይ በ1790ዎቹና በ1800ዎቹ መጀመሪያ ከባድ የሆነውን ጥፍጥፍ ብር ሳይመታ በፊት እየሞረዱ ክብደቱን ያስተካክሉ ነበር። ከመመታቱ በፊት የተሞረደ ከሆነ መስመሩ ከምስሉ ሥር ይገባና በምስሉ ይቋረጣል፤ በኋላ የተጫረ ከሆነ ግን ምስሉንም ሜዳውንም አንድ ላይ ይቆርጣል።


ሽምብጥ_ሠፈር ጻፈ፦

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ለካሁት። ያልተበሳው ጠገራ በአየር 28.02፣ በውኃ 2.75፤ ሲካፈል 10.19። የ1812ቱ በአየር 13.31፣ በውኃ ሦስቱም ጊዜ 1.29፤ ሲካፈል 10.32። የ1821ዱ በውኃ 1.47፤ ሲካፈል 8.67 ብቻ ሆነ።

የ1812ቱ ጠርዝ ላይ የተበየደ ቦታ የለም። ፊደሉ ከ«ሃፍ» ላይ ሲደርስ ግን ተደራርቧል፤ ይህ ያሳስበኛል። ከ2ቱ ላይ ያለው ትርፍ ነገር ደግሞ ከሜዳው ከፍ ያለ ነው፤ የተጫረ አይመስልም። ከዚህ ወዴት ልሂድ?


ወለተ_ጣና መለሰች፦

የጠርዙ መደራረብ አያሳስብህ፤ እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው። ጠርዙ የሚጻፈው ሳንቲሙ ከመመታቱ በፊት ነበር፦ ጥፍጥፉን ብር ፊደል በተቀረጸባቸው ሁለት የብረት ዘንጎች መካከል እያንከባለሉ። አንደኛው ዘንግ የጽሑፉን ግማሽ፣ ሌላው ቀሪውን ይጽፋል። ጥፍጥፉ ከተንሸራተተ ወይም ትንሽ ከሰፋ ጽሑፉ ይደረባል ወይም ክፍት ቦታ ይተዋል። በ1809 በታተሙት አንዳንዶቹ ላይ በቃላቱ መካከል የመስቀል ወይም የቀጥታ ጭረት ምልክት ሳይቀር አለ። ሐሰተኛ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠርዙን አሳምሮ አንድ ወጥ ያደርገዋል፣ ወይም ቅርጹን ሁለት ግማሽ አድርጎ ያፈስስና መሀሉ ላይ ዙሪያውን የሚዞር ስፌት ይቀራል።

አሁን ዝርያው። መነሻው ዳዮቹ እንዴት እንደተሠሩ ማወቅ ነው። ዳይ ማለት ሳንቲሙ የሚመታበት የብረት ማኅተም ነው። የሴቲቱና የንሥሩ ምስል በአንድ ምት ወደ ብረቱ ይገባል፤ ኮከቦቹን፣ ፊደሎቹንና የቀኑን አኃዞች ግን ሠራተኛው አንድ በአንድ በፓንችና በመዶሻ ነበር የሚያስገባቸው። ስለዚህ ሁለት ዳይ ፈጽሞ አንድ አይሆንም፤ አንዱ ላይ ኮከቡ ወደ ፀጉሩ ይጠጋል፣ ሌላው ላይ 1 ከ8 ይርቃል። የፊት ዳይና የጀርባ ዳይ ሲጣመሩ አንድ ዝርያ ይባላሉ። ከ1807 እስከ 1836 ባለው ባለቆቡ ግማሽ ዶላር ላይ ወደ 450 የሚሆኑ ዝርያዎች ተለይተው በኦቨርተን ቁጥር (ኦቨርተን ባዘጋጀው መዝገብ፣ በአጭሩ «ኦ-») ተመዝግበዋል፤ ለ1812 ወደ አሥር ገደማ አሉት። ከ450ዎቹ ሁሉ መምረጥ የለብህም፤ አሥሩን ብቻ ነው የምታነጻጽረው።

ፎቶ በደንብ አንሣ። ፍላሽ አትጠቀም። የጠዋት ብርሃን ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ሳንቲሙን ግራጫ ወረቀት ላይ አድርግ፤ ብርሃኑ ከግራ በኩል ዝቅ ብሎ ይምጣ። የቀትር ፀሐይ ጥላውን ስለሚያጠፋው ጥቃቅኑ አይታይም። ስልኩን ከሳንቲሙ በትክክል በላይ ያዝ፤ ካዘነበለ የኮከቦቹ ርቀት ይዛባና ወደ ተሳሳተ ዝርያ ይወስድሃል።

ከጀርባ ገጽ ጀምር። የጀርባ ዳይ ቀን ስለሌለበት ከአንድ በላይ የፊት ዳይ ጋር፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው እየተሻገረ ይሠራ ነበር፤ እሱን ካወቅህ ምርጫው ወዲያው ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይወርዳል። ከንሥሩ በላይ ባለው ሪባን ላይ መፈክሩ ተጽፏል። ፎቶው ላይ ከአንድ የመፈክር ፊደል ቀጥታ መስመር ወደ ላይ አስምርና ከበላዩ ያለው የአገሩ ስም ፊደል መሀሉ ላይ፣ በግራው ወይም በቀኙ እንደሚያርፍ አይ። ቀጥሎ በታች ያለውን «50 ሲ» ተመልከት፦ 5ና 0 በአንድ መስመር ናቸው? 0 ከፍ ብሏል? ከቀስቱና ከወይራው ግንድ ምን ያህል ይርቃሉ? ከዚያ ወይራው። በ1812 አንዱ ዝርያ ላይ ከክንፉ በታች ጥንድ ቅጠል መሆን ሲገባው አንድ ቅጠል ብቻ አለ፤ ያ ካለ ሥራህ አለቀ። የጋሻው ቀጥ ያሉ መስመሮችም አንዳንድ ዳይ ላይ አልፈው ወደ አግድሞቹ ይገባሉ።

ከዚያ ወደ ፊት ገጽ። በግራ ሰባት፣ በቀኝ ስድስት ኮከብ አለ። የመጀመሪያው ኮከብ ጫፍ ወደ ደረቷ የት እንደሚያመለክት፣ ሰባተኛው ከቆቡ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የመጨረሻው ከፀጉሯ ጥቅል ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አስተውል። ርቀትን በሚሊሜትር አትለካ፤ ያለቀ ሳንቲም ላይ ፊደል ስለሚሰፋ ልኬቱ ያሳስትሃል። ዝምድናን ብቻ መዝግብ፦ ይነካል፣ አይነካም፣ ወደ መሀል ያመለክታል፣ ወደ ጎን ያመለክታል።

የ2ቱን ጉዳይ በጣም በጥንቃቄ እይ። ከፍ ያለ መሆኑ ዋናው ነገር ነው። ጭረት በሳንቲሙ ላይ ጎድጓዳ ነው፤ ዳይ ላይ የነበረ ነገር ግን በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ምክንያቱም ዳይ ላይ የተቆፈረውን ጉድጓድ ብሩ ስለሚሞላው ነው። ከፍ ያለ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው የዳይ ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቅ ከአኃዙ ወጥቶ ወደ ሜዳው ወይም ወደ ጠርዙ ይሄዳል፣ አቅጣጫውም የፊደል ቅርጽ አይጠብቅም። ሁለተኛው በ1811 የተዘጋጀ ዳይ ሳያልቅ ዓመቱ ሲለወጥ በ1ዱ ላይ 2 ተመትቶበት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የ1 እግር ወይም ራስ ከ2ቱ ጀርባ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ሁለቱ ጎኖቹ ትይዩ ናቸው፣ ጫፉ ላይም የአኃዝ ማረፊያ አለው። የአንተ እንዲህ ከሆነ ከሁለት ዝርያ አንዱ ነው፦ በቀኑ ውስጥ ያለው 8 ትልቅ ከሆነ ኦ-101፣ ትንሽ ከሆነ ኦ-102። ትልቁ 8 በጣም የሚፈለገውና በቁጥርም አነስተኛው ነው። 8ቱን ከአጠገቡ ካለው 1 ቁመት ጋር አነጻጽር።

ያለቀበትን ቦታና በደካማ ምት ያልወጣውን ቦታ ደግሞ አትደባልቅ። እነዚህ የተመቱት በሰው ጉልበት በሚዞር የብሎን ማተሚያ ነው። የኮከቦቹ መሀል ያሉት መስመሮች ጠፍጥፈው መፈክሩም ደብዝዞ፣ ነገር ግን የፀጉሩ ሞገድ ጥርት ብሎ ከታየ ምቱ ደካማ ነበር እንጂ ሳንቲሙ አላለቀም።


አባይ_ማዶ መለሰ፦

ይቅርታ፣ ለጀማሪ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርግለታል? በዓመተ ምሕረት ብቻ ቢሰበስብ አይበቃውም? ዝርያ ብርቅ ነው እየተባለ በማይታይ ኮከብ ልዩነት ገንዘብ የሚያስወጡ ሻጮች ብዙ ናቸው። ይልቅ የራሳችንን ጠገራ ብንለይ አይሻልም?


ወለተ_ጣና መለሰች፦

ሥጋትህ ትክክል ነው፤ ግን ዝርያ የመለየት ትልቁ ጥቅም ብርቅ መፈለግ አይደለም። እውነተኛ ሳንቲም የሚታወቅ የፊት ዳይና የሚታወቅ የጀርባ ዳይ ጥምር መሆን አለበት። ሐሰተኛ የሚሠራ ሰው አንድ እውነተኛ ሳንቲም ይገለብጥና ቀኑን ይለውጣል፣ ወይም የአንድ ዓመት ፊት ከሌላ ዓመት ጀርባ ጋር ያጣምራል። ክብደቱና ብሩ ትክክል ሆኖ እንኳ በዚህ ይያዛል። ከዚህ በተጨማሪ የግጭት ምልክትን አስተውል፦ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚሸጡት ሳንቲም በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት የመጎዳት ምልክት ካለው ሁለቱም ከአንድ እናት የተገለበጡ ናቸው። የዳይ ስንጥቅ በብዙ ሳንቲሞች ላይ ይደጋገማል፤ ወድቆ የተሠረጎደ ቦታ ግን አይደጋገምም። ዝርያውን የማያውቅ ሰው ይህን ልዩነት ማየት አይችልም።

ስለ ብርቅነት፦ ደረጃው ከአር-1 እስከ አር-8 ነው። አር-1 ከሺህ በላይ የሚታወቁ፣ አር-4 ከ76 እስከ 200፣ አር-5 ከ31 እስከ 75፣ አር-7 ከ4 እስከ 12፣ አር-8 ከ1 እስከ 3 ናቸው። ሻጭ «አር-4 ነው» ብሎ እጥፍ ዋጋ ቢጠይቅ አትክፈል፤ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ከሆነ አር-4ም በተራ ዋጋ ይሄዳል። ዋጋ የሚሰቅሉት በዓይን የሚታዩት ናቸው፦ በ1815 የታተመው ሁሉ በ1812 ዳይ ላይ 5 የተመታበት ሲሆን ብዛቱም 47,150 ብቻ ነው፤ በ1817 ደግሞ 7 በ3 ላይ፣ ከዚያም እጅግ የከበደው 7 በ4 ላይ አለ። 1836 ጥርስ ባለው ጠርዝ የታተሙት 1,200 ናቸው። እነዚህን ያለ ማረጋገጫ ከማንም አትግዛ።

ለጀማሪ ግማሽ ዶላርን የምመርጠውም በምክንያት ነው። ዶላር በቆመበት ዘመን ትልቁ የብር ሳንቲም እሱ ስለነበር ባንኮች በበርሜል አስቀምጠው ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፉት ነበር። ስለዚህ ሳያልቅ ብዙ ቀርቷል፤ እንደ 1812 እና 1827 ያሉትን ደህና ሆነው ማግኘት ይቻላል፣ ለዓይን መለማመጃም ይሆናሉ።

ጠገራን በተመለከተ፣ እሱም ይለያል፤ አካሄዱ ግን ሌላ ነው። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ካረፈች በኋላ ቀኑ ሳይለወጥ በብዙ አገር ታትሟል፦ በጉንዝቡርግ፣ በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ ከ1935 ጀምሮ በሮማ፣ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም። ስለዚህ በጠገራ የሚለየው የአንድ ዳይ የኮከብ ስሕተት ሳይሆን የማተሚያ ቤቱ የአሠራር ጠባይ ነው፦ በትከሻዋ ላይ ያለው የጌጡ ዕንቁዎችና አቀማመጣቸው፣ የንሥሩ ጅራት ላባዎች፣ «ኤስ ኤፍ» የሚሉት ፊደሎችና ነጥቦቻቸው፣ ጠርዙ ላይ ያለው «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» እና በቃላቱ መካከል ያለው ጌጥ። አያቶቻችን ዕንቁዋን ቆጥረው የሚቀበሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚህ ዓይኑን ያሰለጠነ ሰው በአሜሪካው ላይ ሩቅ አይሆንም።


ጠርዝ_አንባቢ መለሰ፦

ስለ ማስቀመጫው የተመለሰ ስለሌለ እኔ ልጨርሰው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣና ዳር ያለው እርጥበት ብርን ብቻውን አያጠቁረውም፤ የሚያጠቁረው በአየር ውስጥ ያለው ድኝ ነው፤ እርጥበት ሥራውን ያፋጥንለታል። ድኙ ከየት ይመጣል? ከከሰል ጭስ፣ ከጎማ ማሰሪያ፣ ከሱፍ ጨርቅ፣ ከጋዜጣ ወረቀት፣ ከምግብ። ስለዚህ ሳንቲሙ ከወጥ ቤትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ይራቅ።

ለስላሳና ሽታ ያለው የፕላስቲክ አልበም አትጠቀም። በጊዜ ብዛት አረንጓዴ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተውና ብሩን ይበላል። ጠንካራ ግልጽ ክብ መያዣ ግዛ፤ ከሌለ ድኝ የሌለበት የወረቀት ኪስ። እነዚያን በሚጠብቅ ክዳን ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን ከሚገኘው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር አስቀምጣቸው። ከረጢቱን በየክረምቱ መጀመሪያ ለውጥ።

አረንጓዴው ዝቃጭ ቀድሞ ካለ የሚፈቀደው አንድ ነገር ንጹሕ አሴቶን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ዘይትና ቀለም አለበት። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሳንቲሙን ጥቂት ደቂቃ አጥልቀው፣ አትሸው፣ በሌላ ንጹሕ አሴቶን አጥበህ በአየር ይድረቅ። አሴቶን በቶሎ ይቀጣጠላልና ከሰል ምድጃ ባለበት ቤት አትክፈተው።

ሳንቲም መርምረው በሚያሽጉት ድርጅቶች፣ በፒ.ሲ.ጂ.ኤስ ወይም በኤን.ጂ.ሲ፣ መያዣ ታሽጎ የመጣ ብትገዛ መያዣውንም አትመን፤ መያዣው ራሱ ይመሰላል። ቁጥሩን በድርጅቱ መዝገብ አስገብተህ የሚወጣው ፎቶ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ጭረት ከእጅህ ካለው ጋር መግጠሟን አይ።

መለዋወጥን በሚመለከት፦ ጠገራና የምኒልክ ብር ወደ ውጭ ልኮ የአሜሪካ ሳንቲም ማስመጣት ቀላል መንገድ ሊመስልህ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ሳትልክ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅ። ለማንም በሻንጣ አስይዘህ አትላክ፤ ኤርፖርት ላይ ቢያዝ የያዘው ሰው ሊጠየቅ ይችላል።

የ1821ዱን ደግሞ አትጣለው፣ አትሽጠውም። ለብቻው «ሐሰተኛ» ብለህ ጽፈህበት አስቀምጠው። የፈሰሰ ሳንቲም ገጽ ከተመታው አጠገብ ሲቀመጥ ያለው ልዩነት በፎቶ ከሚማሩት ይበልጣል።


ሽምብጥ_ሠፈር ጻፈ፦

እህቴ፣ እንዳልሽው በጎን ብርሃን አየሁት። ከ2ቱ ጀርባ ያለው ነገር ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ሜዳው አይወጣም፣ ከታችም ማረፊያ አለው። 8ቱ ከአጠገቡ ካለው 1 ጋር ቁመቱ እኩል ይመስላል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የጀርባው ቅጠል ጥንድ ነው።


ወለተ_ጣና መለሰች፦

እንግዲያው ባለ አንድ ቅጠሉ ዝርያ ከምርጫው ወጥቷል፤ የቀረህ የ8ቱ መጠን ነው። በዓይን አትፍረድ። የቀኑን ብቻ ቅርብ ፎቶ አንሣ፣ ስልኩ ላይ ከ1ዱ ራስ ወደ 2ቱ ራስ ቀጥ ያለ መስመር አስምር፣ ከታችም እንዲሁ፤ 8ቱ መስመሩን ያልፋል ወይስ ይቀርበታል? ከዚያ «50 ሲ» ያለበትን የጀርባውን ታችኛ ክፍልና ጠርዙን አዙረህ የቀዳኸውን ቪዲዮ አብረህ ለጥፍ። የፊቱ በ8ቱ፣ የጀርባው በ«50 ሲ» ለየብቻ ወደ አንድ ቁጥር ካመሩ ዝርያው እሱ ነው፤ ካልተስማሙ ግን ፎቶውን እንደገና ቀጥ አድርገህ አንሣ እንጂ ቁጥር አትጻፍበት።